ነጋሪት ጋዜጣ የእንግሊዝኛ መማሪያም ነው

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በደሴና በኮምቦልቻ እንግሊዝኛ የምናስተምርና ሰነድ የምንተረጉም ሰዎች ነን። ይህን ደብዳቤ ያስጻፈን ከእጅ ወደ እጅ፣ ከስልክ ወደ ስልክ የሚዞረው «የሕግ እንግሊዝኛ ቃላት» የሚባል ዝርዝር ነው። አንድ የእንግሊዝኛ ቃል፣ ከፊቱ አንድ የአማርኛ ቃል፤ ሁለት መቶው ሦስት መቶው እንዲህ ተደርድሮ። ተማሪው ሌሊቱን ሲሸመድድ ያድራል። የሥራ ውል ወይም የፍርድ ቤት ወረቀት እጁ ሲገባ ግን የሸመደደው አይረዳውም። ሰንፎ አይደለም፤ ያሳሳተው ዝርዝሩ ነው።

«ፈቃድ» የሚለውን ቃል እንይ። ዝርዝሩ «ኮንሰንት ማለት ፈቃድ» ብሎ ያልፋል። የእኛ ፈቃድ ግን እንግሊዝኛ ሲሆን ቢያንስ አምስት ቦታ ይበተናል። ሰው ስለ ራሱ፣ ስለ አካሉ፣ ስለ መረጃው ወይም ስለ መብቱ አውቆ እሺ ሲል ኮንሰንት ነው። ባለቤት ወይም አለቃ የሚሰጠው ፐርሚሽን ነው። መንግሥት ለነጋዴና ለሾፌር የሚሰጠው ላይሰንስ ነው። ሠራተኛ የሚወጣው የዓመት ፈቃድ ሊቭ ነው። የፈጣሪ ፈቃድ ዊል ይባላል፤ ይኸው ዊል ፍርድ ቤት ሲገባ ኑዛዜ ይሆናል። «ዋስትና»ም እንዲሁ ነው። ተከሳሽ ከእስር የሚወጣበት ቤይል፣ ዋስ የሆነው ሰው ሹርቲ ወይም ጋራንተር፣ ለተገዛ ዕቃ የሚሰጠው ዋራንቲ። ዋራንቲ መጨረሻው ላይ ያለችውን አንዲት ፊደል ሲያጣ ዋራንት ይሆናል፤ ዋራንት ደግሞ ፖሊስ ቤት ለመፈተሽ ወይም ሰው ለመያዝ ከፍርድ ቤት የሚያወጣው ትእዛዝ ነው። «ቃል ሰጠ» የሚለውን ቃል በቃል ወደ እንግሊዝኛ ያዞረ ተማሪ ፖሊስ ጣቢያ ቃሉን የሰጠውን ሰው ተስፋ ሰጪ ያደርገዋል፤ እንግሊዝኛው እዚህ ላይ የሚፈልገው ስቴትመንት የሚለውን ነው። ስቴትመንት ደግሞ ባንክ ቤት ሲሄድ የሒሳብ መግለጫ ይሆናል።

«ታሰረ» ከሁሉም የባሰ ነው። በአነጋገራችን ዛሬ ጧት የተያዘውም፣ ክሱ እየታየ ያለውም፣ ተፈርዶበት አምስት ዓመት የሞላውም ታስሯል። በእንግሊዝኛ እነዚህ ሦስቱ ሦስት ደረጃ ናቸው፤ የሰውየው መብትም በየደረጃው ይለያያል። ሕገ መንግሥታችን ደረጃዎቹን በተከታታይ ቁጥር አስቀምጧቸዋል። አንቀጽ 19 ስለ ተያዙ ሰዎች ነው፤ እንግሊዝኛው አረስትድ ይላል። አንቀጽ 20 ስለ ተከሰሱ ሰዎች ነው፤ አኪውዝድ። አንቀጽ 21 በጥበቃ ሥር ስላሉና ተፈርዶባቸው ስለ ታሰሩ ሰዎች ነው፤ ከስተዲ እና ኮንቪክትድ የሚሉትን ይጠቀማል። ሦስቱን አንቀጾች በቅደም ተከተል ያነበበ ሰው አራቱን ቃላት ከነቦታቸው ይይዛቸዋል። ዝርዝር ይህን አይሰጥም።

ማለት የፈለግነው ይህን ነው፤ የሕግ እንግሊዝኛ መማሪያ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ በሁለት ዓምድ ይታተማል፤ በግራ አማርኛው፣ በቀኝ እንግሊዝኛው፣ አንቀጽ ለአንቀጽ ትይዩ። በአዋጅ ቁጥር 3/1987 መሠረት ሁለቱ ዓምዶች ቢለያዩ የሚጸናው አማርኛው ነው። ለተማሪ ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ በራሱ ቋንቋ ያለውን መመዘኛ አድርጎ እንግሊዝኛውን ሊመረምረው ይችላል ማለት ነው። የክልላችን የሕግ ጋዜጣ፣ ዝክረ ሕግም፣ በሁለቱ ቋንቋዎች ይወጣል። ቃሉ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ገብቶ፣ ሥራ እየሠራ፣ ትርጉሙ ከጎኑ ተቀምጦ የሚገኝበት ሌላ እንዲህ ያለ መጽሐፍ አናውቅም።

ሲጠኑት እንዲህ ነው። ከ40 ቃል የማይበልጥ አንድ ንዑስ አንቀጽ ይመረጣል። አማርኛው ሁለት ጊዜ ድምፅ እየተሰማ ይነበባል። ከዚያ የእንግሊዝኛው ዓምድ በወረቀት ተሸፍኖ ተማሪው በራሱ እንግሊዝኛ ይጽፈዋል፤ ስሕተት ቢሞላውም ይጻፍ። ወረቀቱ ሲነሣ የራሱንና የሕጉን ያስተያያል፤ የተለያዩበትን ያሰምራል። ካሰመረው ውስጥ ሦስት ብቻ ይመርጣል፤ ቢበዛ አምስት። ደብተሩ ላይ የሚሰፍረው ነጠላው ቃል ሳይሆን ከነጎረቤቱ ነው። «ኮንሰንት» ብቻ አይጻፍ፤ «ዊዝ ዘ ኮንሰንት ኦፍ ዘ ፓርቲስ» ተብሎ ይጻፍ። እንግሊዝኛ ቃሉን ከመስተዋድዱ ለይቶ የተማረ ሰው ሊናገር ሲል መሐል ላይ ይሰናከላልና። ክለሳው በማግስቱ፣ በአራተኛው፣ በስምንተኛው፣ በዐሥራ ስድስተኛውና በሠላሳኛው ቀን ነው። በክለሳ የተሳሳተው ሐረግ ወደ መጀመሪያው ቀን ይመለሳል። ይህ ሁሉ በቀን ከ30 እስከ 40 ደቂቃ ይበቃዋል። የሚያበላሸው ስስት ነው። በአንድ ቀን ሃያ ቃል አስምሮ መዝገበ ቃላት የሚያገላብጥ ሰው በሳምንቱ አራቱን እንኳ ሲያስታውስ አይገኝም።

አንድ ማሳሰቢያ እዚሁ ላይ እናስገባ። በዚህ ደብዳቤ የእንግሊዝኛውን ቃል በፊደላችን የጻፍነው ለጋዜጣው እንዲመች ነው፤ በደብተር ግን በራሱ ፊደል ይጻፍ። በእኛ ፊደል የተጻፈው ሁሉ ስለሚነበብ፣ ተማሪዎቻችን በእንግሊዝኛም የተጻፈ ሁሉ ይነበባል ብለው ያስባሉ። የሕግ እንግሊዝኛ ደግሞ በማይነበቡ ፊደሎች የተሞላ ነው። ዕዳ ማለት የሆነው ዴት ከቲ በፊት ዝም ያለች ቢ አለችው፤ «ደብት» ተብሎ ሲነበብ ሰሚው አይገባውም። ወራሽ የሆነው ኤር የሚጀምረው በኤች ነው፤ ኤችዋ ግን አትሰማም። ለምስክር የሚወጣው መጥሪያ ሰፒና ቢ አለበት፤ የወንጀል ክስ የሆነው ኢንዳይትመንት ሲ አለበት፤ ሁለቱም አይሰሙም። እነዚህ አራቱ በመጀመሪያው ሳምንት ይጠኑ።

ለወሎ ልጅ ይህ አካሄድ እንግዳ አይደለም። የዋድላ ቅኔ ቤት ተማሪ ግስን ሲማር ቃሉን ነጥሎ አይሸመድድም፤ ከነርባታው፣ ከነዘሩ ይወርድበታል። መስጊድ ተቀምጦ ነህውና ሰርፍ፣ ማለትም የዓረብኛ ሰዋስው፣ የቀራው ደረሳም ከአንድ ሥር አድራጊውን፣ ተደራጊውን፣ ድርጊቱንና ቦታውን ያወጣል። እንግሊዝኛም በዚሁ መንገድ ይገራል። ኢምፕሎይ መቅጠር፣ ኢምፕሎየር ቀጣሪ፣ ኢምፕሎዪ ተቀጣሪ፣ ኢምፕሎይመንት ቅጥር። በመጨረሻ «ኢ» የምትደጋገምበት ቃል ብዙ ጊዜ ድርጊቱ የደረሰለት ወይም የደረሰበት ሰው ነው፤ ሌሲ ተከራይ፣ ዲቴይኒ የተያዘ ሰው። አንድ ሥር የያዘ ሰው አራትና አምስት ቃል ይዞ ይመለሳል። የኒውዚላንዷ የቋንቋ ምሁር አቭሪል ኮክስሄድ በ2000 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ያወጣችው የትምህርት ቃላት ዝርዝር 570 የቃል ቤተሰብ ይዟል። ኮንትራክት፣ ሊጋል፣ ፖሊሲ፣ ኤቪደንስ፣ ኮንሰንት ሁሉም እዚያ አሉ። በቀን ሁለት ቤተሰብ የያዘ ሰው ዓመት ሳይሞላው 570ዎቹን ይዘልቃቸዋል።

አሁን ወደ ግላዊነት። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 ለጀማሪ የምንመርጠው አንቀጽ ነው፤ አጭር ነው፤ ሁሉም የሚያውቃቸው ቃላት እዚያ ውስጥ ሌላ ሰው ሆነው ይገኛሉ። ሰርች ኢንተርኔት ላይ መፈለግ ብቻ የሚመስለው ተማሪ እዚህ ፍተሻ ሆኖ ያገኘዋል። ፐርሰን ሰው ነው ብሎ የተማረው እዚህ ሰውነት፣ ማለትም አካል ይሆናል፤ ከፍተሻ የሚጠበቁት መኖሪያ ቤት፣ አካልና ንብረት ናቸውና። ሲዠር ንብረት መያዝ ነው፤ ሐኪም ቤት ግን ሰው ሲያንቀጠቅጠው የሚባለውም ይኸው ነው። ኮረስፖንደንስ የሚጻጻፉት ደብዳቤ ነው። አማርኛው «አይደፈሩም» ብሎ በአንድ ግስ የጨረሰውን እንግሊዝኛው ኢንቫዮላቢሊቲ ብሎ ስም ያደርገዋል። ይህን ልዩነት ልብ ይሏል። አማርኛ በግስ የሚለውን የሕግ እንግሊዝኛ በስም ይለዋል፤ ረጃጅሞቹ ቃላት የሚበዙትም በዚህ ምክንያት ነው። ረጅም ስም ባያችሁ ቁጥር ውስጡ ያለውን ግስ ፈልጉ።

የግል፣ ምስጢር፣ ግላዊ የሚሉትንም አንቀላቅል። ሴክሬት ከሰው የተሸሸገ ነው። ኮንፊደንሻል ግን ለታመነ ሰው የተነገረ ነው፤ ሐኪምህ ያውቀዋል፣ ጠበቃህ ያውቀዋል፣ ከእነርሱ ግን አያልፍም። ወሎ ውስጥ «አማና ነው» የምንለው፣ ሌላው አደራ የሚለው፣ ከምስጢር ይልቅ ለዚህ ቃል ይቀርባል። ፐርሰናል ደግሞ ሌላ ነው። በየግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አነጋገር ስልክ ቁጥርህ ሰፈሩ ሁሉ ቢያውቀውም ፐርሰናል ዳታ ነው፤ ጥያቄው መረጃው ተሸሽጓል ወይ ሳይሆን ማንነትህን ያሳውቃል ወይ ነው። እዚያው አይደንቲፋይድ እና አይደንቲፋየብል ተከታትለው ይመጣሉ። የመጀመሪያው የታወቀ፣ ሁለተኛው ሊታወቅ የሚችል። መጨረሻ ላይ የምትመጣው «ኤብል» ሕጉ የሚጠብቀውን ሰው ቁጥር እንዴት እንዳሰፋችው ተመልከቱ።

ይህ ሁሉ በየቀኑ ስልካችን ላይ አለ። አንድ አፕ ሲጫን ሎኬሽን፣ ኮንታክትስ፣ ማይክሮፎን እያለ ይጠይቃል። አላው መፍቀድ፣ ዲናይ መከልከል ነው፤ «ኦንሊ ዋይል ዩዚንግ ዘ አፕ» አፑን በምጠቀምበት ሰዓት ብቻ ማለት ነው፤ ካርታ ለመሰለ ነገር የሚመረጠው ይኸኛው ነው። ባትሪ መብራት የሚያበራ አፕ የስልክ ማውጫ ከጠየቀ ዲናይ። አክሰፕት ሁሉን መቀበል፣ ሪጀክት አለመቀበል ነው። ዊዝድሮው የሚለውን ሰው ሁሉ ከባንክ ማሽን ተምሮታል፤ ከኮንሰንት ጋር ሲመጣ ግን የሰጡትን ፈቃድ መሻር ማለት ነው፤ ብዙ ጊዜ ከሴቲንግ ውስጥ በትንሽ ጽሑፍ ተደብቆ ይገኛል። ቬሪፊኬሽን ኮድ ማንነት ማረጋገጫ ቁጥር ነው። «ዱ ኖት ሼር» ከሚል ጽሑፍ ጋር ሲመጣ ለማንም፣ ከቴሌብር ነኝ ለሚልም ጭምር፣ አትስጡ እያለ ነው። ይህን አንድ ዐረፍተ ነገር አለማወቅ የሰው ገንዘብ ያስበላል።

የግሦቹ ረዳቶች ራሳቸውን የቻሉ ትምህርት ናቸው። ትምህርት ቤት ሻልን ከ«እኔ» እና ከ«እኛ» ጋር የሚሄድ የወደፊት ጊዜ አድርጎ ያስተምራል። ሕግ ውስጥ ሻል ግዴታ ነው፤ ከማንም ጋር ይመጣል። አማርኛው ይህን ግዴታ ብዙ ጊዜ «አለበት» ሳይል በተራ ግስ «ያስታውቃል»፣ «ይከፍላል» ብሎ ስለሚጽፈው ተማሪው ወደ እንግሊዝኛ ሲያዞር ሻልን ይጥላታል፤ ሻል ስትወድቅ ግዴታውም ይወድቃል። ሜይ ይችላል ነው፤ «ኖ» ወይም «ኖት» ሲቀድማት ወይም ሲከተላት ግን ክልከላ ትሆናለች። ቀጥሎ ሁለት የሚምታቱ ሐረጎች አሉ። «የንዑስ አንቀጽ 1 ድንጋጌ ቢኖርም» የሚለው ኖትዊዝስታንዲንግ ነው፤ ያኛው ይቅርና ይህ ይሠራል ማለት ነው። «እንደተጠበቀ ሆኖ» የሚለው ዊዝአውት ፕሬጁዲስ ቱ ነው፤ ያኛው ሳይነካ ይህም ይሠራል። ሁለቱን ያቀያየረ ተርጓሚ ሕጉን ገልብጦታል።

ሽምግልና ላይ ከሌላው አገር ይልቅ ወሎዬ መጠንቀቅ አለበት፤ ዕርቅ የዕለት ኑሯችን ነውና። ሽማግሌ ሁለቱን ሰዎች አቀራርቦ እነርሱ ራሳቸው ሲስማሙ ሚዲየሽን ወይም ኮንሲሊየሽን ነው። ሽማግሌው ራሱ ወስኖ ውሳኔው የሚያስገድድ ሲሆን አርቢትሬሽን ነው፤ አዋጅ ቁጥር 1237/2013 የመጀመሪያውን ዕርቅ፣ ሁለተኛውን የግልግል ዳኝነት ብሎ ለይቷቸዋል። ውል ላይ አርቢትሬሽን የሚል ቃል አይቶ «ሽማግሌ ነው» ብሎ የፈረመ ሰው በውሉ ጉዳይ በቀጥታ ፍርድ ቤት የሚሄድበትን መንገድ ዘግቶ ሊሆን ይችላል። የሸሪዓ ፍርድ ቤትም በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 34 ንዑስ አንቀጽ 5 የሚዳኘው በተከራካሪዎቹ ፈቃድ ነው፤ እንግሊዝኛው እዚያም ኮንሰንት እና ፓርቲስ ይላል። ፓርቲ ድግስም፣ የፖለቲካ ድርጅትም፣ የክርክር ወገንም ነው።

የሥራ ውል ላይ ረዘም እንበል። ከሐይቅ፣ ከወረባቦ፣ ከቃሉ፣ ከሐብሩ ወደ ዓረብ አገር የሚሄዱ እህቶች የሚፈርሙት ወረቀት ብዙ ጊዜ በዓረብኛና በእንግሊዝኛ ነው። መጀመሪያ የሚታየው ስም ነው። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም፤ ፎርሙ ሰርኔም ሲል ፓስፖርቱ ላይ የሰፈረው ይታይና በሁሉም ወረቀት አንድ ዓይነት ይጻፍ፤ አንድ ቦታ የአባት፣ ሌላ ቦታ የአያት ከሆነ ሁለት ሰው ትሆናላችሁ። ነክስት ኦፍ ኪን የቅርብ ዘመድ ነው፤ ጎረቤት አይጻፍበትም። ቀኑ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ 04/05 ቀን ይቅደም ወር ይጠየቅ። ናይን ኤኤም የእኛ ከጧቱ 3 ሰዓት ነው። ግሮስ ሳይቆረጥ፣ ኔት ተቆርጦ ነው፤ እጅ የሚገባው ኔት ነው። ዲዳክት መቁረጥ ነው፤ ለምን እንደሚቆረጥ አጠገቡ ካልተጻፈ ይጠየቅ። ቦርድ ኤንድ ሎጂንግ ምግብና መኝታ ነው፤ ቦርድ ሰሌዳ አይደለም። ዴይ ኦፍ የዕረፍት ቀን፣ ሊቭ የረጅም ፈቃድ ነው። ከሁሉም በላይ ዌይቭ የሚል ግስ ይፈለግ፤ መብትን መተው ማለት ነው፤ እርሱ ያለበት መስመር ሳይተረጎም አይፈረም።

በኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክም ሆነ በሌላ ፋብሪካ ለሚቀጠር ቁልፉ «ቀን» ከሚለው ቃል ፊት የቆመው ቅጽል ነው። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜው፣ ማለትም ፕሮቤሽኑ፣ ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም፤ ዎርኪንግ ዴይስ ነው። ሳምንቱ ስድስት የሥራ ቀን ከሆነ ዐሥር ሳምንት ይደርሳል እንጂ ሁለት ወር አይደለም። የመጀመሪያው ዓመት ፈቃድ 16ም የሥራ ቀን ነው። የወሊድ ፈቃዱ ግን 30 ከወሊድ በፊት፣ 90 ከወሊድ በኋላ፣ በተከታታይ ቀን ነው፤ ኮንሴኪዩቲቭ ዴይስ፤ እሑዱም ይቆጠራል። መደበኛው የሥራ ሰዓት በቀን 8፣ በሳምንት 48 ነው፤ ከዚያ ያለፈው ኦቨርታይም ይባላል።

በመጨረሻ፣ ከፊልም የተማሩትን ለሚያምኑ አንድ ነገር። የአሜሪካ ፍርድ ቤት ጁሪ፣ ማለትም ከሕዝብ የተመረጡ ፈራጆች፣ አለው፤ የእኛ የለውም። ፊልሙ ቶርት የሚለውን የእኛ ሕግ ኤክስትራ ኮንትራክችዋል ላያቢሊቲ ይለዋል፤ ከውል ውጭ ኃላፊነት። እነርሱ ሪል ኤስቴት ሲሉ የእኛ ሕግ ኢሙቨብል ይላል፤ የማይንቀሳቀስ። ምክንያቱ የታወቀ ነው፤ የ1952ቱን የፍትሐ ብሔር ሕጋችንን ያረቀቁት ፈረንሳዊው ሬኔ ዳቪድ ናቸው፤ ረቂቁም በፈረንሳይኛ ነበር። ስለዚህ እንግሊዝኛችን በሕግ ረገድ የራሱ መልክ አለው። ለአገር ውስጥ ሰነድ የነጋሪት ጋዜጣው ቃል ይቅደም።

ከጋዜጣችሁ የምንጠይቀው አንድ ነገር ነው። በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ከአንድ ገጽ ሩብ ባልበለጠ ቦታ፣ አንድ ንዑስ አንቀጽ በሁለቱም ቋንቋ ትይዩ አድርጋችሁ አትሙልን፤ እንግሊዝኛው በራሱ ፊደል ይሁን። ማብራሪያውንና የሦስቱን ቃላት አረባብ እኛ ያለ ክፍያ እናዘጋጃለን፤ እርማቱን አንድ የሕግ ባለሙያ ያየዋል። ለመጀመሪያው ሳምንት የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 19 ንዑስ አንቀጽ 3 መርጠናል፤ የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቅረብ የሚለውን፣ ወደ ፍርድ ቤቱ ለመጓዝ የሚወስደው ጊዜ በ48ቱ ውስጥ ይቆጠራል ወይስ አይቆጠርም የሚለውን ጥያቄ እንግሊዝኛው በየትኛው ቃል እንደመለሰ አንባቢ ራሱ እንዲፈልግ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
የእንግሊዝኛ መምህራንና የሰነድ ተርጓሚዎች
ደሴ፣ ወሎ